ልጄን ዓባይ ላሻግረው ወይስ እዚሁ ላኑረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱንን ደብዳቤዎች ለዚህ እትም አንድ ላይ አድርገናቸዋል፤ ጥያቄያቸው አንድ ነውና። ዕድሜው ከ18 ያለፈ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት የት ይኑር? ቤተሰብ አጠገብ ወይስ ሩቅ ባለ ማዕከል? የላኪዎቹን ስም አስቀርተናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። የአእምሮ እድገት ውስንነት የአእምሮ ሕመም አይደለም። ሕመም ይመጣል፣ ይታከማል፣ ሊሻልም ይችላል። ውስንነቱ ግን ከልጅነት የጀመረ፣ መማርንና ራስን መቻልን የሚያዘገይ ነው፤ የሚፈልገውም አልጋና መርፌ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ድጋፍ ነው።

ከፍኖተ ሰላም

«የ31 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ዳውን ሲንድረም ነው ተብሏል። አባቱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔም 68 ሞላኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። እስከ አምና ድረስ ውኃ ይቀዳ፣ ዶሮ ያስገባ፣ አብሮኝ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም ነበር። ዘንድሮ እንቅልፍ አበዛ፣ ቁጡ ሆነ፣ ስጠራው አይሰማኝም። አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ማዕከል አግኝቼለታለሁ ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ‹ልጅሽን ዓባይ አታሻግሪ› ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

እናታችን፣ የማዕከሉን ነገር ለአንድ ወር ያቆዩትና መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ውኃ ይቀዳ የነበረ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እንቅልፋምና ቁጡ ከሆነ «ባሕርዩ ተበላሸ» ተብሎ አይታለፍም። ዳውን ሲንድረም፣ ማለትም ከአፈጣጠር ጋር የሚመጣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ባለባቸው ሰዎች ላይ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ማነስ ከሌላው ሰው ይበዛል። ምልክቱ እንቅልፍ ማብዛት፣ መወፈር፣ የሆድ ድርቀት፣ ብርድ አለመቻል ነው። እንቅርት ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ይሁንና አንገት ሳያብጥም ዕጢው ሊደክም ስለሚችል የሚለየው በዓይን ሳይሆን በደም ምርመራ ነው። ከተገኘ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይታከማል። ሁለተኛው ጆሮ ነው። የጆሯቸው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ኩክ ቶሎ ይደፍነዋል፤ «ስጠራው አይሰማኝም» ያሉት ይኸው ሊሆን ይችላል። በክብሪት እንጨት አይጎርጉሩት፤ ጤና ጣቢያ ይታይለት። ሌሊትስ ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ ይመለሳል? እንዲያ ከሆነ ሳይተኛ እያደረ ነውና ቀን ቢያንቀላፋ አይገርምም። ዓይኑንም ያሳዩለት፤ ሞራ በወጣትነታቸው ሊመጣባቸው ይችላል።

የአባቱም ነገር አለ። ለቅሶ ሲሆን እንዲህ ያለ ልጅ «እንዳይረበሽ» ተብሎ ጎረቤት ቤት ይደረጋል። አባቱ ወጥቶ ቀረ እንጂ ሞተ ብሎ የሚነግረው የለም። ሐዘኑ ከወራት፣ ከዓመት በኋላ በቁጣ ይወጣል። «አባትህ ሞቷል፤ አይመለስም» ብለው በግልጽ ይንገሩት፣ መቃብሩን ያሳዩት፣ በሙት ዓመቱ አብሮ ይቁም። «አባባ ሩቅ አገር ሄደ» ተብሎ ከሆነ ደግሞ፣ አሁን እሱን ራሱን ሩቅ አገር መስደድ ምን እንደሚመስለው ያስቡት።

ይህ ሁሉ ታይቶ ያው የጉልበትዎ ነገር ይቀራል። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አንድ ጉብኝት ሦስት ቀን ይበላል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለመመለሻ። በእርስዎ ጉልበት በዓመት ሁለቴ ቢሳካ ትልቅ ነገር ነው። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለም ጎጃም ላለ ሰው አይነገረውም። በዓመት ሁለቴ፣ ያውም በቀጠሮ የሚመጣ ቤተሰብ የሚያየው የታጠበ ልጅና የተወለወለ ወለል ነው። ልጁ ደግሞ የሆነበትን በአፉ አይናገርም፤ የእሱ ምስክር የሚያውቀው ሰው ዓይን ነው። የፊቱን መክሳት፣ ከንፈሩን መንከሱን፣ ሰው እጁን ሲያነሳ መሸማቀቁን የሚያየው ትናንት ያየው ሰው እንጂ ከመንፈቅ በፊት ያየው አይደለም። ሲጠማው የሚላትን ግማሽ ቃል እርስዎ ያውቋታል፤ አዲስ ሠራተኛ ግን እስኪያውቃት ድረስ ልጁ ይጮሃል፣ ሲጮህ «ኃይለኛ ነው» ተብሎ ይመዘገባል፣ ኃይለኛ የተባለ ሰው ደግሞ ማረጋጊያ መድኃኒት ይጀመርለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ውኃ መቅዳት የሚችል ሰው ዓመት ሳይሞላ የተቀመጠበት የሚውለው።

ስለዚህ ምክራችን እዚሁ ይኑር ነው፤ ግን በእርስዎ ጉልበት ብቻ አይደለም። ለሰባት ቀን መዝገብ ይያዝ፤ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ይጻፍልዎት። ከመነሣቱ እስከ መኝታው የሚያደርገው እያንዳንዱ ነገር ጎን ከአራት አንዱ ይጻፍ፦ በራሱ፣ ሲነገረው፣ እጁን ሲይዙት፣ ሙሉ በሙሉ በሰው። ፊት መታጠብ በራሱ፤ ጥርስ ሲነገረው፤ ገላ እጁን ሲይዙት፤ ጢም መላጨት ሙሉ በሙሉ በሰው፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሲደመር ሰው የግድ የሚያስፈልግበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ ከፈራው ያንሳል፤ የሚበዛውም ጧትና ማታ ላይ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ሰዓት ለሚፈልግ ልጅ ሃያ አራት ሰዓት የሚይዝ ተቋም ይፈልጉለታል። ለእነዚያ ሰዓታት የሚከፈላት አንዲት የሰፈር ሰው፣ ስትታመም የምትተካት ሁለተኛ ሰው፣ በጽሑፍ የተቀመጠ ደሞዝና የዕረፍት ቀን በቂ መነሻ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ፣ እርስዎ በሕይወት እያሉ ውጭ ማደርን ይልመድ። በየሳምንቱ አንድ ሌሊት በቅርብ ዘመድ ቤት፣ የራሱን ጋቢ ይዞ። ካልለመደ ከቤት ውጭ የሚያድርበት የመጀመሪያው ሌሊት እናቱ ሆስፒታል የገባችበት ሌሊት ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ የተገኘ ቦታ ይወሰዳል እንጂ አይመረጥም።

ከአዴት

«‹ቅርብ› ስትሉ ስንት ኪሎ ሜትር ማለታችሁ ነው?»

በኪሎ ሜትር አንለካውም። ቅርብ ማለት ቤተሰቡ ውስጥ በጣም የደከመው ጠያቂ፣ ለምሳሌ አሮጊቷ እናት፣ ጧት ወጥታ፣ ልጇን አይታ፣ ለማታ ቤቷ የምትገባበት ነው። በዋናው መስመር ላይ ላለ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ቅርብ ሊሆን ይችላል። ክረምት መኪና ለማይገባበት ቀበሌ 15 ኪሎ ሜትርም ሩቅ ነው። መለኪያውን ሐምሌ ላይ ይሞክሩት እንጂ ጥር ላይ አይደለም።

ከባሕር ዳር

«ለ26 ዓመት ወንድሜ ሁለት ማዕከሎች አማርጫለሁ፤ አንዱ ቅርብ ግን ያረጀ ቤት ነው፣ ሌላው ሩቅ ሆኖ አዲስና ንጹሕ ሕንፃ ነው። ምን አይቼ ልወስን?»

ሕንፃውን ይርሱትና ሰዓቱን ይያዙ። ቀጠሮ ሲሰጡዎት ጧት 4 ሰዓት ይሉዎታል፤ ያኔ ሁሉም ታጥቦ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እርስዎ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሳይናገሩ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይሂዱ፤ ቢቻል ቅዳሜ ወይም እሑድ። በር ላይ ካቆሙዎት ስንት ደቂቃ እንዳቆሙዎት ይያዙ። «ያለ ቀጠሮ አይገባም» የሚል ቤት ከሆነ የቀረውን ማየት አያስፈልግም።

ምሽት ላይ የሚታየው ይኸ ነው። እራት እንዴት ይበላል? ሠራተኛዋ ቆማ በማንኪያ እየተጣደፈች የምታጎርስ ከሆነ ትንታ አይቀርም፤ የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ዋጥ ማድረጉ እየታየ ነው የሚበላው። ልብሱ የማን ነው? ልብስ በጅምላ ታጥቦ ለደረሰው የሚሰጥበት ቤት ሰዎቹንም በጅምላ ነው የሚያያቸው። ሽንት ቤቱ ጎን ውኃና ሳሙና አለ? በሩስ ከውስጥ ይዘጋል? ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው ስንት ነው? ዘበኛ አይቆጠርም። እሳት ቢነሣ በር የሚከፍተው ማነው፣ ቁልፉስ የት ይሰቀላል? ከሰል ክፍል ውስጥ ይገባል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ በብርድ ወራት የተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

የመድኃኒት መዝገቡን ያስወጡ። ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ መጠን፣ ሰዓት፣ የሰጠው ሰው ፊርማ በየቀኑ መኖር አለበት። የወሩ ፊርማ ሁሉ በአንድ እስክርቢቶና በአንድ እጅ የተሞላ ከመሰለዎት በአንድ ቀን የተሞላ ነው። ከነዋሪዎቹ ምን ያህሉ ማረጋጊያ መድኃኒት እንደሚወስዱና ማን እንዳዘዘው ይጠይቁ። አብዛኛው ሰው ደንዝዞ የሚውል ከሆነ መድኃኒቱ የሠራተኛ እጥረት መሸፈኛ ሆኗል።

ስለ ንጹሕ ሕንፃ አንድ ምሳሌ እንስጥ። እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ከተማ አጠገብ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ዊንተርቦርን ቪው የሚባል የግል ሆስፒታል ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ጋዜጠኛ ሠራተኛ መስሎ ገብቶ በድብቅ ካሜራ የቀረጸው ድብደባና ማሠቃየት በቴሌቪዥን ታየና ቤቱ ተዘጋ፤ 11 ሠራተኞችም ጥፋተኛ ተባሉ። ሕንፃው ደህና ነበር፤ ክፍያውም ከፍተኛ። በርካታ ታካሚዎች ግን ከመኖሪያቸው ርቀው የመጡ ነበሩ፤ ቤተሰብም እንደ ልብ ወደ መኝታ ክፍል አይገባም ነበር። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ መንግሥት እንዲህ ያሉ ሰዎች በየአካባቢያቸው እንዲደገፉ የሚል ዕቅድ አወጣ፤ አፈጻጸሙ ግን እስከ ዛሬ ያስወቅሳል። ኖርዌይ በበኩሏ በ1991 እ.ኤ.አ. ኃላፊነቱን ከትልልቅ ተቋማት አውጥታ ለየማዘጋጃ ቤቱ ሰጠች። እኛም ብንሆን ወረቀት አላነሰንም። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀ ሲሆን አንቀጽ 19 ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት አለው ይላል። ወንድምዎን ጠይቀውታል? ሁለቱን ቦታ ወስደው አሳይተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ፎቶዎቹን ከፊቱ አኑረው የትኛውን እንደሚያነሣ ይዩ።

ያረጀው ቤት ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ቆርቆሮ ይቀየራል። ርቀትን ግን የሚቀይረው የለም። ወንድምዎ ብዙ ጊዜ የሚጥለው፣ ልዩ ባለሙያ ዘወትር የሚያስፈልገው ከሆነና ያ ባለሙያ ሩቁ ቦታ ብቻ ካለ ሚዛኑ ሊያጋድል ይችላል፤ ያም ቢሆን የሚመለስበት ወር በጽሑፍ ተቀምጦ። አዲስ አበባ ያሉ እንደ መቄዶንያ ያሉ ትልልቅ በጎ አድራጎቶችም የተቋቋሙት ጧሪና ደጋፊ አጥተው ለወደቁ ሰዎች መሆኑን አይርሱ፤ ወንድም ያለው ሰው የሌላውን አልጋ ባይይዝ ጥሩ ነው።

ከቢቸና

«የ22 ዓመት ልጄ የአእምሮ እድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ አለባት። ሩቅ ጠበል ቦታ ቤት ተከራይተን፣ አስታማሚ ቀጥረን ለስድስት ወር ልናስቀምጣት ነው። መድኃኒቷን ማቆም አለባት የሚሉ አሉ።»

ጠበሉን ትጠመቅ፤ መድኃኒቱ አይቁም። ልጅዎ ፌኖባርቢታል ከሆነ የምትወስደው፣ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ መጣሉ ተደራርቦ ሳያባራ ሊመጣና ሊገድል ይችላል። ይህ በእምነት የሚለካ ጉዳይ አይደለም፤ ሰውነት የለመደውን መድኃኒት በድንገት ማጣቱ ነው። መቀነስ ካስፈለገ ሐኪሙ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩና ቃላቸውን አስታማሚዋ ራሷ ትስማ፤ ጠበል ቦታ ላይ መድኃኒት የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ ካህኑ ሳይሆን ከጎን የተኛው ሕመምተኛ ነው። ጾም ከሆነም ክኒኑ በምን ሰዓት እንደሚዋጥ አብረው ይወስኑ። ለሠላሳ ቀን የሚሰጥ ከሆነ የአሥር ቀን ትርፍ ይያዝ፤ በላስቲክ ተጠቅሎ፣ እርጥብ ልብስ መካከል ሳይገባ። ጠላና አረቄ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይስማሙም፤ እንቅልፉን ያከብዱታል፣ ትንፋሽንም ያደክማሉ።

ስትጠመቅ ለብቻዋ አትቁም። ውኃ ውስጥ ሳለች ከጣላት በጉልበት ልክ ውኃም ትሰጥማለች፤ ስለዚህ እየተቀዳ ይፍሰስላት እንጂ ኩሬ ውስጥ አትግባ፤ አንድ ሰውም ክንዷን ይያዝ። የተከራያችሁት ቤት ምድጃ ካለው በድንጋይ ይከለል፤ የሚጥለው ሰው ከሚጎዳባቸው ነገሮች አንዱ እሳት ነውና አስታማሚዋ እንጀራ ጋግሪ አትበላት።

ሲጥላት ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም፤ አፍንጫ ያቃጥላል እንጂ አያነቃም። አፏ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት አይግባ፤ ጥርስ ይሰብራል። ጠንካራ ነገር ከአጠገቧ ይራቅ፣ ነጠላ ታጥፎ ከራሷ ሥር ይግባ፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኗ ትተኛ፣ ሰዓት ይታይ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ቦታውን ስትመርጡ ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅና ሌሊት ምን መጓጓዣ እንዳለ ይጠየቅ።

አባቶች ሊሰሙት የማይወዱትም አለ። የ22 ዓመት ሴት ናት። ነገር በቃል ማስረዳት የማትችል ሴት ልጅ ሩቅ ቦታ፣ ብዙ እንግዳ በሚያድርበት ግቢ፣ አንዲት ተቀጣሪ ብቻ ይዛ ስድስት ወር መቀመጧ ለመደፈር ያጋልጣታል። አስታማሚዋ ሴት ትሁን፣ ከዘመድም አንድ ሰው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይቀያየር፣ የወር አበባዋ ቀን ይመዝገብ። መደንገጥ፣ መኝታ መፍራት፣ ልብስ ማውለቅን እምቢ ማለት ድንገት ከመጣ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁ ሂዱ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት አለ። በሰንሰለት ማሠር ግን በምንም ምክንያት አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው፣ እዚያው ቢቸና አካባቢ ባለው ጠበል ከቤቷ እየተመላለሰች ትጠመቅ።

ከደብረ ማርቆስ

«ሦስት ቤተሰቦች ነን። ልጆቻችን ከ24 እስከ 35 ዓመት ናቸው። ቤት ተከራይተን አንድ ላይ ልናኖራቸው አስበናል። ስንት ሠራተኛ ያስፈልጋል? ምንስ ያበላሸዋል?»

ደብዳቤው ደስ አሰኝቶናል፤ ከተላኩልን ሁሉ የተሻለው ሐሳብ ይኸ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልክ ብንሄድ የአንድ ሰው መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። 168 ለ48 ሲካፈል ሦስት ተኩል ይመጣል። የመጀመሪያው ዓመት የ16 የሥራ ቀን ዕረፍትና ሕመም ሲጨመር አራት ሰው ይሆናል፤ ያውም በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንዲገኝ። ጧት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሦስቱም በሚታጠቡበትና በሚለብሱበት ጊዜ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ክፍተት ቤተሰብ በተራ ይሙላው። «አንዲት ጠንካራ ሴት ቀጥረን እዚያው ታድራለች» የሚለው ዕቅድ አይዘልቅም። ሌሊት የማትተኛ ሠራተኛ ትቆጣለች፣ ስትቆጣ እጇን ታነሣለች፣ አለዚያም ለፋሲካ አገሯ ሄዳ ትቀራለች።

ቤቱ ከሦስቱ ቤተሰቦች ቢያንስ ከአንዱ በእግር የሚደረስ ይሁን፤ ልጆቹ ከሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቅና ገበያም አይራቅ። እያንዳንዱ የራሱ ክፍል ቢኖረው መልካም፤ ካልሆነ የራሱ አልጋና ቁልፍ ያለው ሣጥን ይኑረው። ደጃፉ ደረጃ ካለው ድጋፍ ይሠራለት።

የሚያፈርሰው ገንዘብ ነው። አንዱ ቤተሰብ ክፍያ ሲያቆም ሁለቱ ለሦስት ወር ይሸከማሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሦስት ወር ወጪ በጋራ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ሁለት ፊርማ ሳይኖር አይውጣ፤ የሚወጣ ቤተሰብም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይስጥ። የኪራይ ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን፤ በየስድስት ወሩ ቤት መቀየር ለእነዚህ ልጆች ከባድ ነው። እድራችሁ ሊረዳ ይችላል፤ ለወርኃዊ ደሞዝ ግን አትመኩበት፤ የእድር ገንዘብ ለለቅሶ የተዋጣ ነውና ቅሬታ ያመጣል። ጤና መድን ላይ የልጆቹ ስም ከእናንተ ደብተር መውጣት አለመውጣቱን ቀበሌ አረጋግጡ፤ ከ18 በላይ ሆነዋልና ለብቻ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ከሌሎች ቤተሰቦችም ልጅ መቀበልና እርዳታ ማሰባሰብ ስትጀምሩ ነገሩ የግል ስምምነት መሆኑ ያበቃል፤ ያኔ እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መመዝገብን ከከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገሩ።

ከደምበጫ

«እናታችን ስታርፍ ታናሽ ወንድማችንን ማን ይያዘው በሚለው ተከራከርን። ታላቃችን ‹ሩቅ ማዕከል ላስገባው፣ መሬቱን እኔ እያረስኩ ልክፈልለት› ይላል። ሕጉ ምን ይላል?»

ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል። ግን መሬቱን የሚያርሰውና የት ይኑር ብሎ የሚወስነው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ሕጉ ራሱ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሰውየውን ደኅንነት የሚጠብቀው አሳዳሪ፣ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሞግዚት ይባላል። ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ ሁለቱን ለተለያየ ሰው እንዲሰጥ ጠይቁ፤ ሞግዚቱም በየዓመቱ የምርቱንና የወጪውን ሒሳብ እንዲያሳይ ይታዘዝላችሁ።

እነዚህ ሁለቱ የሚሾሙት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፍርድ መከልከል በሚለው ሥርዓት ነው፤ ዘመድ ወይም ዓቃቤ ሕግ ያመለክታል፣ የሐኪም ማስረጃ ይቀርባል። ነገር ግን የተከለከለ ሰው በራሱ ስም ውል መግባትን ጨምሮ ብዙ መብት ያጣል። ባንክ ቤት ወይም ውርስ ላይ የግድ እስካልተጠየቀ ድረስ አትቸኩሉ። ከሄዳችሁም ወንድማችሁ ራሱ ችሎት ይቅረብ፤ ዳኛው ይየው፣ ያናግረው። የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ መኖሩን ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ዛሬውኑ እዩ፤ ደብተሩ አንድ ቅጂ ከታላቅየው ሌላ ሰው እጅ ይሁን። ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወንድምና እህት መካከልም ስላለ «እኔ አያገባኝም» ማለት ለማንኛችሁም አያዋጣም።

ከሞጣ

«እህቴ አዲስ አበባ ማዕከል ውስጥ ስድስት ዓመት ሆናት። ልንመልሳት ወስነናል። በአንድ ቀን ይዘናት እንምጣ?»

በአንድ ቀን ከሆነ ሁለተኛ ስደት ይሆንባታል። ስድስት ዓመት የኖረችበት ቤት ክፉም ቢሆን ቤቷ ሆኗል። ከሁለት ወር በፊት ጀምራችሁ የምትኖርበትን ክፍል፣ አልጋዋን፣ የእናንተን ፊት ፎቶ ላኩላት፤ ስልክ ስትደውሉ ሁልጊዜ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይሁን። ከእናንተ አንዱ ማዕከሉ ድረስ ሄዶ ሦስት ቀን አብሯት ይዋል። ያኔ ማንም በወረቀት የማይጽፈውን ይማራል፤ ሻይዋን በምን ትጠጣለች፣ ማታ መብራት ይጠፋል አይጠፋም፣ ስትፈራ ምን ትይዛለች። ከማዕከሉ የሕክምና ካርዷን፣ የመድኃኒት ዝርዝሯን፣ መቼ እንደጣላትና መቼ እንደወደቀች የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀበሉ። ሰጪው «በቃል እንነግራችኋለን» ቢል አትነሡ። ከምትወደው ሠራተኛ ወይም ጓደኛ ጋር ፎቶ አስነሥታችሁ፣ የእነሱንም ስልክ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

መንገዱን አቅልላችሁ አትዩት። አውቶብስ ሌሊት 11 ሰዓት ሲነሣ ያልለመደ ሰው በጨለማና በጩኸት ይደናገጣል፤ ጫጫታ የማትችል ከሆነ አነስ ያለ መኪና ይሻላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ ቁልቁለትና ዳገት ብዙ ሰው ያስታውካል፤ ሙቀቱም ይለወጣል። የጧት መድኃኒቷን ካስታወከችው ምን እንደሚደረግ ፋርማሲስቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መስኮት ዳር ትቀመጥ፣ ፌስታል፣ ውኃና ቅያሪ ልብስ በእጅ ይያዝ እንጂ ሻንጣ ውስጥ ጣሪያ ላይ አይውጣ። ሽንት ቤት «ስትጠይቅ» ሳይሆን መኪናው በቆመ ቁጥር ውሰዷት።

ዓመት በዓል ዋዜማ ላይ አታምጧት። ቤት ሙሉ እንግዳ፣ እልልታና የማታውቀው ሰው መሳም ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ተራ ማክሰኞ ይሁን፣ እራት እሷ የለመደችው ሰዓት ላይ ይቅረብ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ማልቀስ፣ አልጋ ላይ መሽናት ሊመጣ ይችላል፤ «ማዕከሉ ይሻላት ነበር» ብላችሁ አትመልሷት። ስድስት ሳምንት አልፎ ካልቀነሰ ወይም መብላት ካቆመች ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ትታይ፤ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሽንት፣ የሆድ ድርቀት ከሁሉ በፊት ይፈተሽ። የማዕከሉንም ሠራተኛ በየሳምንቱ አስደውሉላት፤ ስልኩን ራሷ ትያዝ።